ያልሞተው ማግኔት

ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ማንኪያ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የሻይ ይሁን የሾርባ፣ ወደ ወርክሾፑ እንዳይገባ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን ለሠራተኞች በሙሉ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ማንኪያዎች፣ ከታላቅ የኃላፊነት ስሜት ጋር እናስታውቃለን።

ማስታወቂያውን ያወጣው ሥራ አስኪያጁ ነው። ምክንያት አላጣም። ባለፈው ሳምንት ምሳውን ይዞ በማግኔት ሳጥኑ አጠገብ ሲያልፍ ማንኪያው ከእጁ ተስፈንጥሮ ሄዶ ተለጠፈ። በፒንሳ ታግለው ሲያላቅቁት ማንኪያው ጎብጦ ቀረ፤ የሥራ አስኪያጁም ፊት ከዚያ ወዲህ አልተፈታም።

ማግኔቶቹ እንዲህ ጉልበተኛ የሆኑት ብርቅዬ ከሚባሉት የምድር ማዕድናት ስለሚሠሩ ነው። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው ግን ትንሽ ቸኩሏል። ብርቅ አይደሉም። እንደ ዘመድ ናቸው፤ የትም አሉ፣ ግን አንድ ቦታ ተሰብስበው አይገኙም። ተራራ ተንዶ፣ ተፈጭቶ፣ በአሲድ ታጥቦ ጥቂት ሲወጣ ደግሞ መልካቸውም ጠባያቸውም ስለሚቀራረብ አንዱን ከአንዱ መነጠል ሌላ ፍዳ ነው። ተራራ ከመናድ የሞተ ሃርድ ዲስክ መፍታት ሳይሻል አይቀርም ያሉ ሰዎች ይህን ወርክሾፕ ከፈቱ።

አሮጌ ሃርድ ዲስኩ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ የተቃጠለው ሞተር በጆንያ ይገባል። ብሎን የሚሉት አንጋፋ ሠራተኛ በካቻቪቴ ይፈታል፣ ማግኔቱን ያወጣል፣ በየዓይነቱ ይለያል፤ ኒዮዲሚየሙን ወደ ሰማያዊው ሳጥን፣ ሳማሪየሙን ወደ ቀዩ። ከዚያ ሰማያዊው ሳጥን ወደ እሳቷ ይሄዳል።

እሳቷ የብሎን የእህት ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት የኤሌክትሪክ ምድጃው ከእሷ በቀር ለማንም አልታዘዝ ስላለ ነው። ሥራዋ፣ በወርክሾፑ ቋንቋ፣ መግደል ነው። የኒዮዲሚየም ማግኔት በደንብ ከጋለ መሳብ የሚባለውን ነገር ይረሳል፣ ሲበርድም ትዝ አይለውም። ያን ጊዜ ብቻ በሰላም በርሜል ይሞላል፣ በሰላም መኪና ላይ ይጫናል። ሕያው እንደሆነ የተጫነ ማግኔት የመኪናውን ግድግዳ አቅፎ አልወርድም ይላል።

ያን ቀን ጠዋት እሳቷ ቁርሷን ትታ ምድጃውን ስትፈትሽ ነበር። በርሜሎቹን የሚረከበው የማጣሪያ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። በክር የተንጠለጠለ ሚስማር በበርሜሉ ላይ ታሳልፋለች። ሚስማሩ ዝም ካለ ምድጃው በእሳቷ እጅ ይጸናል። ከተንቀሳቀሰ ግን ፋብሪካው የራሱን ባለምድጃ ይልክና እሷ ወደ ድሮ ሥራዋ፣ ወደ ጆንያ መሸከም ትመለሳለች። ወገቧ የጆንያውን ዘመን ገና አልረሳም።

ብሎን ጢሙን ተላጭቶ፣ ከቱታው ሥር ከረቫት አስሮ ገባ።

«ጋሼ፣ ሰርግ አለ እንዴ?»

«መላጨት ተከለከለ? ማስታወቂያው ላይ ያለው ማንኪያ ብቻ ነው።»

«ከረቫቱስ?»

«በርዶኝ ነው።»

እሳቷ ልብ አላለችውም። ሐሳቧ ሁሉ ምድጃው ዘንድ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ እንደ ብሎን ልጆቿን ለብቻዋ አሳድጋ የዳረች ሴት ናት። ባለፈው ስትመጣ በርሜሉን አይታ፣ «እጅዎ ይባረክ» ብላው፣ ሻይዋን ቆማ ጠጥታ ሄደች። ብሎን ከዚያ በኋላ ስንት ቀን አጉረመረመ። «ሥራችን ንጹሕ በመሆኑ እኮ ነው ሰው የማይቀመጥልን» ይል ነበር። እሳቷ እርጅና መስሏት አለፈችው።

አሁን ሚስማሩ በበርሜሉ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። መሐል ላይ ደረሰ። አለፈ። ወደ ዳር ሲቃረብ ዘወር አለና አፍንጫውን ቀብሮ ቀረ።

እሳቷ ክው አለች።

ተቆጣጣሪዋ ጓንቷን አድርጋ በርሜሉን ቆፈረች፤ ጥፍር የምታህል ግራጫ ነገር አወጣች። ሚስማሩ ተከትሏት መጣ።

«ይቺ ሕያው ናት» አለች። «ምድጃሽን እንቅልፍ ወስዶት ነበር?»

«እሱን አልወሰደውም። እኔንም አልወሰደኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ» አለች እሳቷ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አደረገች፤ ብርሃን ላይ ወስዳ አገላበጠቻት። «ቆይ እስቲ። እንዲያው ሌላ ዘር እንዳትሆን። ሳማሪየም ከሆነች በዚህ እሳት አትሞትም። ለእሷ ይህ ፀሐይ መሞቅ ነው።»

«ልንሞክራት እንችላለን?»

«እኔም እሱን ልልሽ ነው። ከሰማያዊው ሳጥን አንድ ሕያው ጨምሪና ሁለቱን አንድ ላይ አስገቢልኝ።»

ምድጃው እስኪግል፣ ግሎም እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል። እሳቷ ከበሩ ፊት አልተነሣችም፤ የሙቀቱ ቁጥር ሲወጣ በዓይኗ የምታግዘው ይመስል ነበር። ከጀርባዋ ብሎን ለተቆጣጣሪዋ ወንበር ሲጠርግ፣ ሻይ ሲያቀርብ ትሰማለች።

«ስኳር?»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«እኔንም። ትንሽ ላድርግልዎ?»

«ትንሽ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ፣ ስለማይደውሉ ልጆች አወሩ፣ ብሎን በዘመኑ ጠግኖት ተመልሶ ሲበራ ስለ ጮኸ አንድ ራዲዮ አወሩ። ተቆጣጣሪዋ ሳቀች። እሳቷ ተናደደች፤ የእሷ እንጀራ እሳት ውስጥ ሆኖ ሰው ይስቃል።

በመጨረሻ ሁለቱ ማግኔቶች በርደው ወጡ። ኒዮዲሚየሙ ሚስማሩን ቢያስጠጉለት ጭራሽ እንደማያውቀው ዝም አለ። ያቺ ግራጫዋ ግን ቀጭ አድርጋ ያዘችው።

«ሳማሪየም ናት። ምድጃሽ አልፏል፣ ልጄ» አለች ተቆጣጣሪዋ። «እንዲያውም ኩሪበት። የወደቀው መለየቱ ነው።»

እሳቷ ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ምድጃው የእሷ ነው። አፍራ እንጂ ብታቅፈው ደስ ባላት።

«በደንባችን» ቀጠለች ተቆጣጣሪዋ ወደ ብሎን ዞራ፣ «መለየት ላይ ስሕተት ከተገኘ ተቆጣጣሪው ከሚለየው ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ የሚቀጥለውን በርሜል ከታች እስከ አፉ አብሮት ይለያል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ ላበዛብዎ ነው።»

«ምን ይደረግ» አለ ብሎን። ፊቱን የሐዘን ሊያስመስል ሞክሮ አቃተው። «ብዙ ቀን ይፈጅ ይሆን?»

«እንደ እጅዎ ፍጥነት ነው።»

«እጄ ሰሞኑን ከብዶኛል።»

ተቆጣጣሪዋ ሽርጧን ከመኪናዋ ላምጣ ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ እሳቷ አጎቷን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ የተላጨውን አገጭ፣ የበረደውን አንገት። ይህ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሳማሪየምን ከኒዮዲሚየም በእጁ የሚለይ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዷን ሳማሪየም ወደ ሰማያዊው ሳጥን አስጠግታ ብታስቀምጥ ግማሽ ቀን የጮኸባት እሱ ነው።

«ጋሼ።»

«ካቻቪቴዬን አይተሽልኛል?»

«እጅህ ላይ ነው። ጋሼ፣ ያቺን አውቀህ ነው የጨመርካት።»

ብሎን ካቻቪቴውን እንደ አዲስ ነገር አየው።

«ምድጃዬን ልታስነጥቀኝ ነበር እኮ።»

«አልፏል አይደል?»

«ባያልፍስ ኖሮ?»

«ሴትዮዋ ሥራዋን ታውቃለች» አለ፤ ይህን ሲል ድምፁ ለስለስ አለ። «እኔም የአንቺን ምድጃ አውቃለሁ። አንድ ቀን አጉድሎ አያውቅም።»

እሳቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ሳቅ ሆነና መልሳ ዋጠችው። በመስኮቱ ተቆጣጣሪዋ ሽርጧን እያሰረች ስትመለስ ይታያል፤ በመኪናው መስታወት ፀጉሯን ለማየት ቆም ብላለች።

«ይሁን፣ አልከስህም» አለች እሳቷ። «ግን ለምን እንዲህ እንዳደረግክ አንድ ጊዜ ከአፍህ ልስማው።»

ብሎን ሙሉ ጆንያ የጆሮ ማዳመጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ፤ የተጠላለፈውን ሽቦ ለሁለት ሰው እንዲመች አድርጎ ከፈለው።

«አላብራራም» አለ።