የጾም ውሃ

የኔሰው በአንድ የላሊበላ ሆቴል ጓሮ ስምንት ዓመት የእንግዳ እድፍ ሲጠብቅ ኖሯል። ሥራው ለወሬ አይመችም። ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የመጣው ፍሳሽ በትልቅ ገንዳ ይረጋል፤ ዝቃጩ ይወርዳል፣ ጠራ ያለው ከላይ ይቀራል። እሱ በየጠዋቱ በጠርሙስ ቀድቶ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጥና አወራረዱን አይቶ ዝቃጩ መቼ እንደሚወጣ ይወስናል። ጠላ ጠማቂ እናት ያሳደገችው ሰው አተላ ሲሰክን መለየት አያቅተውም።

የገና ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ኢንጂነር ቃለሕይወት ከአዲስ አበባ መጣ። ላፕቶፑ ውስጥ «ሞዴል» የሚሉት የቀመር ክምር አለ። ዝቃጭ በወፈረ ቁጥር አወራረዱ ይዘገያል፤ የገና ለት ሕዝቡ በቤተ ማርያም ጠባብ መግቢያ ሲታመቅ እንደሚዘገየው ማለት ነው። ይኼን የኔሰውም ወደደለት። ያልወደደው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ከእንግዲህ የዝቃጩን ቧንቧ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሞዴሉ ስለሆነ ጠባቂ አያስፈልግም ተባለ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፀደይ የስንብት ደብዳቤውን አስጽፈው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡ።

ኢንጂነሩ ጠዋት ይለካል፣ ቀትር ላይ ይለካል፣ ሽሮውን በልቶ ደግሞ ይለካል። አጥባቂ ጾመኛ ነው፤ ወተት በአፉ አልዞረም። ቁጥሩም ከቀመሩ ጋር ልክክ አለለት።

«ኢንጂነር፣» አለ የኔሰው፣ «የለኩት እኮ የጾም ውሃ ነው። ጾሙ ሲፈታ ደግመው ይለኩት።»

«ጋሼ የኔሰው፣ ውሃ አይጾምም።»

ወይዘሮ ፀደይ ሳቁ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው ነገሩ። የኔሰው በየዓመቱ ለገና ዋዜማ ገንዳውን ባዶ ያደርግ ነበር፤ ዘንድሮ ሞዴሉ «ዝቃጩ ጥቂት ነው» ስላለ ገንዳው ሳይጸዳ ቀረ፤ የቧንቧውንም ቁልፍ ተቀበሉት። ሦስት ልጆቹ እንጀራ የሚበሉት በዚያ ቁልፍ ነው።

ገና ደረሰ። አርባ ሦስት ቀን የተገታ ሆድ ተፈታ፤ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ቅቤው ጎረፈ። ቅባቱ ሁሉ ታጥቦ ገንዳ ገባ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ዝቃጩ ቅባቱን ይዞ ተንሳፈፈና ጠርዙን አልፎ፣ እንግዶች ተራራ እያዩ ከሚበሉበት ሰገነት ሥር ተኛ። ኢንጂነሩ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ ቆሟል። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።

«ሰክኗል እኮ፣» ይላል፣ «ይኸው፣ እዚህ ላይ ሰክኗል።»

«የዚያስ ይሁን፤ ይኼኛውን ምን እናድርገው?» አሉ ወይዘሮ ፀደይ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው።

የኔሰው ሳይጠሩት መጥቶ ቁልፉን ጠየቀ። ደስ ብሎታል፤ ደስታውንም ሊደብቅ አልሞከረም። ቅባቱን በረጅም ጭልፋ እየገፈፈ፣ ዝቃጩን እያስወጣ እስኪመሽ ሠራ።

ኢንጂነሩ ከመሄዱ በፊት ሪፖርት አስገባ። «ሞዴሉ ትክክል ነው። ልዩነቱን ያመጣው የእንግዶች አመጋገብ ነው። መፍትሔ፦ ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ ያቅርብ።»

ወይዘሮ ፀደይ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ የኔሰውን አስጠሩና መሳቢያቸውን ከፍተው የስንብት ደብዳቤውን ሰጡት። ስሙን ከላይ አነበበ።

«የጠርሙሴ ክዳን ጠፋ፣ ዝንብ አስቸገረኝ ስትል አልነበር?» አሉት። «እንካ፣ ክደንበት።»

ደብዳቤው አሁን አራት ታጥፎ ጠርሙሱ አፍ ላይ አለ። ዝንቡን በደንብ ይከለክላል።