ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሐይቅ

በሆቴላችን ከያዘው ቀን ቀድሞ የሚወጣ እንግዳ የሁለት ሌሊት ሂሳብ ይቀጣል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ስድቡን የምጠግበው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ አንዲት ሴትዮ ሻንጣ እየጎተቱ ወርደው ዛሬውኑ ካልወጣን ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ባለቤታቸው ማዶ ካለው ክሊኒክ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው፣ ዓይናቸው እንደታሸገ ፎቅ ላይ ተኝተዋል። ፋሻው የሚፈታው በማግስቱ ነው። ታዲያ ምን አስቸኮላቸው?

ቅጣቱን ስነግራቸው ቦርሳቸውን ከፍተው አዩና መልሰው ዘጉት። እንባቸው መጣ።

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውየው ዓይናቸው የጠፋው ሳይጋቡ በፊት ነው፤ ዓለምን የሚያውቋት በሚስታቸው አፍ ነው። የያዙት ደግሞ ርካሹን ክፍል፣ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚውለውን። የመጡ ቀን ባልየው መስኮቱ ምን ያሳያል ብለው ቢጠይቁ፣ የሚስትየዋ ሆድ ባባና ሐይቅ አሉ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲባል ነው የማውቀው፤ የእሳቸው እያደር ከበደ። በነጋታው ጀልባ ጨመሩ፣ ከዚያ ወፍ። ባልየው ቁርስ ላይ ጀልባዎቹን ሲተርኩ አስተናጋጁም፣ ያ ቀልደኛ፣ ዛሬማ ነጩ ቀድሟል እያለ ያዳምቅላቸዋል። አሁን ፋሻው ሲፈታ ቀጥታ ወደ መስኮቴ ብለው ምለዋል። ሴትዮዋ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ ብለው ሊያመልጡ ነው።

"ልጄ፣ በሐይቁ እንደዋሸሁት ካየ የልጆቻችንን መልክ፣ ቤታችንን፣ የነገርኩትን ሁሉ ምን ብሎ ያምነኛል?" አሉኝ።

አንጀቴን በሉኝ። ሥራ አስኪያጁን ብለምን ሕግ ሕግ ነው ብሎ ደረቀብኝ። ክፍል ልቀይርላቸው ብል ሁሉም ተይዟል። ምን ይደረግ፣ መውጣቱን ትተው ቀሩ።

በማግስቱ ሰውየው ክሊኒኩ ፋሻውን ፈትቶላቸው ደረጃውን እያዩ፣ እጃቸውን እያዩ፣ ሚስታቸውን አይተው ሳይጠግቡ ገቡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉና ያቺ ቁጡዋ አንቺ ነሽ እንዴ ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ሳቅ ከየት ይምጣልኝ፣ ቁልፍ ይዤ ከኋላ ከኋላቸው ወጣሁ።

መጋረጃውን ገለጡት። ሴትዮዋ መሬት መሬት ያያሉ። የጠዋት ፀሐይ ግድግዳው ላይ አርፋለች፤ ቀለሙ ተላጦ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ይታያል። ዝናብ የወረደበት መስመር አለ። ከስንጥቁ አንዲት ቅጠል ወጥታ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥላዋም አብሯት። ሰውየው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ቆዩ፣ ቆዩ።

ዞር ሲሉ ፊታቸው በእንባ ርሷል።

"ሐይቁንስ አሳየሽኝ፤ ይኼን ለምን ደበቅሽኝ?" አሏቸው።

ሚስትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ባልየው የሚስታቸውን እጅ ጎትተው ወደ መስኮቱ አስጠጓቸውና ያቺን ቅጠል በጣታቸው አሳዩዋቸው። እኔም ያን ክፍል ለሰው በሰጠሁ ቁጥር ይቅርታ ስጠይቅ የኖርኩት፣ ጠጋ ብዬ አፌን ከፍቼ ግድግዳውን አየሁት።