የሰርክአዲስ ግድግዳ

እናቴን የምታክል ደግ ሴት በሰፈራችን የለችም፤ ያን ዕለት ግን ደግነቷ አናቴ ላይ ወጣ። ከአዲስ ቅዳም ገበያ ስመለስ ቤቱ እርጥብ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ገብቼ ባይ የሰርክአዲስ ሥዕል የለም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእበትና በጭቃ ተለቅልቆ ልሙጥ ሆኗል።

ሰርክአዲስ የወንድሜ የይኸነው ሚስት ናት፤ የዳንግላ ልጅ። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ነው ከተባለ ወዲህ ባሕር ዳር እየተመላለሰች ኬሞ ትወስዳለች። መድኃኒቱ ፀጉሯን አረገፈው፣ እህል አስጠላት፣ እንቅልፍ ነሳት። ሲብስባት ከሰል ታነሳለች። እኛ አገር ሰው ሁሉ ዛፍ ተክሎ፣ አክስሎ ይሸጣል፤ በከሰሉ ሥዕል የሣለበት ሰው ግን ከእሷ በቀር አላየሁም። በከሰልና በቀይ አፈር ከአልጋዋ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ሞላችው። የጥር በዓል ፈረሰኞች፣ የዳንግላ ጋሪ፣ ከሚኒባስ መስኮት አንገቷን ያወጣች ዶሮ። ያቺን ዶሮ ባየኋት ቁጥር እስቃለሁ።

“ይህን ሳይ መርፌው ይረሳኛል” ትላለች። ባለፈው “በቃኝ፣ አልሄድም” ብላ ስታስቸግረን፣ እሺ ያለችው ግድግዳዋን ማንም እንዳይነካባት አስምላን ነው። በገብርኤል ስም የማልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ገና ሁለት ዙር ይቀራታል። ካቋረጠች በሽታው እንደሚመለስ ሐኪሙ ነግሮናል። ዛሬ ከይኸነው ጋር ከባሕር ዳር ተመልሳ ይህን ብታይ “ከእንግዲህ የትም አልሄድም” ብትልስ? ማን ይመልሳታል?

“እማ፣ ምን መሥራትሽ ነው?” አልኳት።

“ለጠያቂ ነዋ!” አለች፣ ጭቃ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። “ሰው ሲመጣ በከሰል የጠቆረ ቤት ይይ? ምን ይሉናል?” ሊያግዟት የመጡት ጎረቤቶቿ፣ እትዬ በቀለችና እትዬ ሙሉነሽ፣ መሬት መሬት ያያሉ።

ለጠያቂ ቤት አይለቀለቅም። እኛ ዘንድ ቤት የሚለቀለቀው ለበዓል፣ ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ አለዚያም ለለቅሶና ለተዝካር ነው። በዓሉ አልፏል፤ ሰርግ የለብን፣ ክርስትና የለብን። ዞር ስል የዕድሩ አግዳሚዎች ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ሰርክአዲስ ስትሄድ በሁለት ሰው ተደግፋ ነበር ሚኒባስ የገባችው፤ ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ጠፍቶ ድምጿን አልሰማንም። እናቴ ምራቷ ልትሞት መጣች ብላ፣ ቤቱን ለለቅሶ አሰናድታ ጠበቀቻት።

በጥፍሬ ጭቃውን ፋቅ ፋቅ አደረግሁት፤ ከሰሉ ከጭቃው ተዋህዶ ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ወጣ። ለይኸነው ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። መጥቶስ ምን እለዋለሁ? አግዳሚዎቹን ወደ ጓሮ ላወጣቸው አንዱን ጎተትኩት፤ ብቻዬን አልቻልኩትም። ባጃጅ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር በር ላይ ብቅ ብዬ አያለሁ። በመጨረሻ አንዱ በራችን ላይ ቆመ።

ይኸነው ደግፎ አስገባት። ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። ሰላምታችንን በወጉ ሳትጨርስ ወደ አልጋዋ ሄደች። ግድግዳውን አየችው። ቀጥላ አግዳሚዎቹን አየች። ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ቤቱ ለማን ነው የተለቀለቀው?”

እናቴ ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋታል፤ በአዊኛ አንድ ነገር ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሰርክአዲስ አዊኛ አትሰማም፤ ወደ እኔ ዞረች።

“ምን አሉ?”

ልዋሽ አሰብኩ። ዓይኗን ሳይ አቃተኝ። “እኔን ያስቀድመኝ ነው የምትል” አልኳት።

ይኸነው ያኔ ገባው። “ማን ንኩ አላችሁ!” ብሎ ጮኸ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ሰርክአዲስ ግን እጁን ያዘችው። “ተው፣ አትጩህ፤ ራሴን ያመኛል።” መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮኻል፤ መሐላዬም እንደዚያው።

“እማማ” አለች ወደ እናቴ ዞራ፣ “ለቅሶዬ ላይ ማን ማን ይመጣል?”

“ኧረ በስመ አብ!” አሉ እትዬ በቀለች።

“ይመጣሉ አይደል? ታዲያ ባዶ ግድግዳ ሲያዩ ሊውሉ ነው? ማስተዋል፣ ከሰል ስጭኝ።”

አንስቼ ሰጠኋት። ሦስቱንም ሴቶች አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እኔንም ከጫፍ። ከዚያ እኛኑ፣ አንድ ባንድ፣ ለቅሶ እንደተቀመጥን አድርጋ ትሥለን ጀመር። ከሰሉ እርጥቡ ጭቃ ላይ አልሄድ ሲላት በጣቷ ትጭረዋለች። ጣቷ መድኃኒቱ ካደነዘዘው ቆይቷል፤ መስመሯ ይጣመማል፤ እየደጋገመች ትመልሰዋለች። ትንፋሽ ሲያጥራት ይኸነው “ይበቃሻል” ይላል፤ አትሰማውም። ቀስ በቀስ ግን ፊቷ ላይ ወዝ መጣ።

“አፍንጫዬን አበዛሽው!” አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

“ያለዎትን ነው የሣልኩ።”

እትዬ በቀለች ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ግን እንባዬ መጣ። እናቴ ብቻ ፊቷን እንደሸፈነች ቀርታለች።

“እጅዎን ያውርዱ እማማ” አለቻት ሰርክአዲስ። “ለቅሶው ገና ነው።”

እናቴ እጇን አወረደች። ተነስታ የምራቷን ጉልበት ልትስም ስትል ሰርክአዲስ “አይነቃነቁ፣ ይበላሽብኛል” ብላ መለሰቻት።

ስትደክም ከሰሉን ጣለችና ጋደም አለች። ግድግዳው ላይ ሁላችንም አለን፤ የእኔ ፊት ግን ዓይን የለውም።

“የእኔ ዓይንስ?” አልኳት።

“ከባሕር ዳር ስመለስ” አለችኝ። “አሁን እያለቀስሽ አልሥልሽም።”