የኢሳ ጀለቢያ

ኢሳ ግትር ነው። የወሎ ልጅ ነው፣ በሰው አገር፣ ማዮ በሚባል የስደተኛ ሰፈር በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ ሚስቱ ዘሃራ ለእኔ ከእህት አታንስም። ዓባይ ዳር ባለው የሂሻም ቲማቲም እርሻ እኔ አርማለሁ፣ ኢሳ መድኃኒት ይረጫል። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው እኔም ጿሚ፣ እሱም ጿሚ ሆነን ከረምን።

መድኃኒት የሚረጨው ንፋስ ሳይነሳ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። የዚያን ዕለት ግን ሂሻም መድኃኒቱን ይዞ የመጣው ፀሐይ ከከረረ በኋላ ነበር። ነጭ ዝንቡ በሽታ እያዛመተ የቲማቲሙን ቅጠል አጠውልጎ አጨማዶታል። «ነገ ካልን አለቀልን፣ ያላ» አለ።

«ንፋሱን አታይም እንዴ?» አልኩት ኢሳን።

«አላህ አለ፣ ፍቅርተ» ብሎኝ መርጫውን አዘለ። ድርቅናው ያናድደኛል። መሐል እርሻ ሲደርስ ንፋሱ ዞሮ መድኃኒቱን መለሰበት፤ ጀለቢያው ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ራሰ።

ጨርሶ ጥላ ሥር ቁጭ አለና ራሴን አመመኝ አለ። ሂሻም «ጾሙ ነው» አለ። ኢሳም ራሱ «ጾሙ ነው» አለ። እኔም አመንኩ፤ በዚህ ሐሩር ውሃ ሳይቀምስ የዋለን ሰው ቢያዞረው ምን ይገርማል? ግን ይተፋል። ደጋግሞ ይተፋል። ትንሽ ቆይቶ ምራቁ በአገጩ ላይ ይዝረበረብ ጀመር። የእኔ ምላስ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። የጾመ ሰው አፉ ይደርቃል እንጂ መቼ ምራቅ ይሞላዋል? ያኔ ፈራሁ።

«ልብስህን አውልቅ» አልኩት።

«አንቺ፣ ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውሩን ስትድን እናወራዋለን።»

ጀለቢያውን በራሱ ላይ ገፍፌ የቦይ ውሃ በባልዲ ደፋሁበት። ጾሙ እንዳይፈርስ አፉን በእጁ ይከድናል፣ የእኔ ሞኝ። ሂሻም ረክሻ፣ ባለ ሦስት እግሯን ታክሲ፣ ጠራልን፤ ጀለቢያውንም ጠቅልሎ እግሬ ሥር ወረወረው።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ የመድኃኒቱ መርዝ ነው አለ። መርፌ ወጉት፣ ገላውን እንደገና አጠቡት። ዘሃራ አል-ሳሃፋ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት እየሮጠች መጣች። ገና ከበሩ ጀለቢያውን አየችው።

«ጣይው» አልኳት።

«ያለው እሱ ብቻ ነው። ለኢድ ምን ሊለብስ? አጥብለታለሁ።»

«እንግዲያው ውጪ አስቀምጪው» ብያት ሐኪሙ ያዘዘውን ፍለጋ ወጣሁ። ከአንዱ ፋርማሲ ወደ አንዱ ስንከራተት ዋልኩ። በመጨረሻ አግኝቼ ስመለስ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ኢሳ ዓይኑን ገልጧል፣ ትንፋሹም ረግቷል። ሐኪሙ «ይተርፋል፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከበር ላይ የገዛሁትን ቴምር ይዤ ወደ ዘሃራ ሄድኩ።

አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ጀለቢያውን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋዋለች፤ ቀሚሷ ላይ እርጥበቱ ወጥቷል።

«ዘሃራ፣ አፍጥሪ» አልኳት።

«ቆይ እስቲ» አለች፣ አገጯን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «ዛሬስ ጾሙ ምን አደረገኝ? አፌን ምራቅ ሞላው።»

ቴምሩን ጥዬ ጀለቢያውን ከጭኗ ላይ ነጠቅኩ።