አንድ ጊዜ ታይቻለሁ

አልጣሽ ስትታመም ጎረቤት ሁሉ «ሴት ልጅ ደም ቢፈሳት ምን ይገርማል» አለ። ጠረኑ ከቤት ውጭ መሰማት ሲጀምር ግን ያው ጎረቤት መምጣቱን ተወ፤ በሽተኛ መጠየቅ ጽድቅ ቢሆንም አፍንጫ ተይዞ አይጠየቅም። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ «የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» አለ። ያገኘችው ሕክምና ይኸው ነው።

ታናሽ እህቷ አመተ ሥላሴ ከተዝካሩ ማግስት ደንግጣ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለዚያው በሽታ ታየች። «ነጻ ነሽ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለሽ» ተባለች። «ነጻ» የሚለው ጆሮዋን ስለሞላው የቀረው መግቢያ አጣ።

ዘንድሮ አምስቱ ዓመት ሲሞላ ሲስተር ህይወት ከጤና ጣቢያው ደወለችላት።

የአመተ ሥላሴ ባል መሪጌታ ወልደ ሰንበት በቤተ ልሔም ደብር ድጓ ያስተምራሉ። ያለ ጥቅስ አይናገሩም።

«ነጻ ተብለሽ የለም ወይ?»

«ተብያለሁ።»

«እንግዲያ ምን ቀረሽ? በአንዲት ጥምቀት እናምናለን። ሁለተኛ የሚጠመቅ የፊተኛውን የካደ ነው።»

አመተ ሥላሴ ለጊዜው መሄዱን ተወችው። ግን ቀሚሷን ባጠበች ቁጥር ሳታስበው ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋው ጀመር። ምንም አልሸተታትም። አልጣሽንም መጀመሪያ ምንም አልሸተታትም ነበር።

ሁዳዴ በገባ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያው ለመሄድ ተነሣች። መሪጌታም መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሏት፤ በነገሩ ባይስማሙም ብቻዋን አይሰዷትም።

«አቼቶ ነው የምቀባዎት፣ እናቴ» አለች ሲስተር ህይወት። «ጤነኛው እንዳለ ይቀራል፤ የተነካ ካለ ነጭ ይሆናል።»

«የጾም ሰላጣ አደረግሽኝ በይኛ።»

አመተ ሥላሴ ይህን ቀልዳ የምርመራው አልጋ ላይ ወጣች።

ሲስተር መብራቱን አስጠጋች። ቅድም ስለ ልጆቿ፣ ስለ ከብቶቿ ስትጠይቃት የነበረችው ልጅ ድንገት ወሬውን አቋርጣ ጎንበስ አለች። አመተ ሥላሴ ጣራውን አየች። ቆርቆሮው ዝጓል። ዝገቱን እያየች የከፈኗን አቡጀዲ ማን እንደሚገዛ አሰበች። መሪጌታ ገበያ አያውቁም፤ ተታለው የሳሳውን ያመጣሉ።

«ነጭ አለ» አለች ሲስተር።

«በቃ?»

«ምኑ በቃ?»

«እንደ አልጣሽ?»

«አይደለም፣ እናቴ። ይሄ ገና ካንሰር አይደለም። ዝም ሲባል ቆይቶ ካንሰር ሊሆን የሚችል ነው። ያን ጊዜ አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ዛሬውኑ አቃጥዬ አጠፋዋለሁ። ባይመጡ ኖሮ ግን...»

አልጨረሰችውም። አመተ ሥላሴ በሆዷ ጨረሰችው፤ መጨረሻውን አስታማዋለች። የአልጋውን ብረት ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

ማቃጠሉ አልቆ ስትነሣ ሲስተር እንዲህ አለቻት፦ «ለአንድ ወር ከባልዎ ጋር አይተኙም። ለዓመት ደግሞ ተመልሰው ይታያሉ።»

«አሁንም?»

«አሁንም። በየጊዜው እየተመላለሱ ከሚታዩት ውስጥ ይሄ በሽታ የሚገድለው ከስንት አንዷን ነው። አንዴ ታይታ የቀረችውን ግን እኔም አላውቅላትም።»

ውጭ መሪጌታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«እህ?»

«ተገኘብኝ።»

መቋሚያው ከእጃቸው ወደቀ። ለማንሣት አላጎነበሱም።

«ሳይብስ ደርሰውበት ተቃጠለ። ለዓመት ተመለሽ ተብያለሁ። መሪጌታ፣ ጥምቀት አይደለም፤ ንስሐ ነው። እየተመላለሱ ነው።»

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ጥቅስ አልመጣም።

«ቀኖናውስ?» አሉ።

«አንድ ወር አይደርሱብኝም።»

«በሁዳዴ? ይሄማ የሁላችንም ቀኖና ነው።»

ፈገግ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። መሪጌታ ሲስተር ህይወትን በሩ ላይ አዩዋት።

«ልጄ፣ ለዓመት ስንመጣ በጦርነቱ መንገዱ የተዘጋ እንደሆነስ?»

«ሲከፈት ይመጣሉ።»

«ባይከፈትስ?»



አመተ ሥላሴ ጎንበስ ብላ መቋሚያውን አነሣችና እጃቸው ላይ አኖረችው።

«በእግራችን ነዋ» አለች።