የፊት ለፊቷ ዓሣ ሻጭ

ታቢታ ክራውችና ኡርሱላ ፔክ በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመታት ሲኖሩ አንድም ቀን እንደ ሰው ሰላም ተባብለው አያውቁም። ዘመኑ የእንግሊዙ ንጉሥ የሁለተኛው ጆርጅ ነበር። ቤቱ ለንደን ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ያዘመመ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። አከራያቸው ወይዘሮ ጎዳርድ ምድር ቤቱን ለራሷ ይዛ ላይኛውን አከራይታዋለች። የሁለቱ ሴቶች በሮች ፊት ለፊት የሚተያዩ ሲሆኑ መሐላቸው ያለው የደረጃ ማረፊያ ሁለት ሰው አያሳልፍም።

ታቢታ ልብስ አጣቢ ናት። የጌቶችን ሸሚዝ አጥባ፣ አስጥታ፣ እሳት ላይ በጋለ ካውያ ተኩሳ እንደ አዲስ ታስረክባለች። ኡርሱላ ደግሞ ዓሣ በራሷ ላይ ተሸክማ መንደር ለመንደር ስትዞር ትውልና ያልተሸጠላትን በገንዳ አድርጋ ማረፊያው ላይ ታሳድራለች። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ከዓሣ ጋር አልተኛም ባይ ናት። ሽታው ግን በር ተዘጋ ብሎ አይቀርም። በታቢታ በር ሥር ሾልኮ ገብቶ ገመድ ላይ የተሰጣው ሸሚዝ ውስጥ ይቀመጣል።

ታቢታ መጀመሪያ በአከራይዋ በኩል አቤት አለች። ወይዘሮ ጎዳርድ፣ አንዷ በሳሙና እጣቢ ጣሪያዬን ታበሰብሳለች፣ አንዷ ደረጃዬን ታገማለች፣ ለእኔ ሁለታችሁም ያው ናችሁ ብላ መለሰቻት። ቀጥሎ አንዲት የሕግ ሰው ሚስት የባሏን ሸሚዞች በሠራተኛዋ እጅ መለሰች። ባሌ ፍርድ ቤት ሲቆም ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ ከእንግዲህ ሌላ አጣቢ ይዘናል የሚል መልእክትም አብሮ መጣ። ያቺ ሴት የታቢታ ትልቋ ደንበኛ ነበረች።

ታቢታ የዚያን ዕለት ልብስ የምትዘፈዝፍበትን የፈላ የአመድ ውሃ ይዛ ወጣችና ገንዳው ውስጥ ከነበሩት ዓሦች ላይ ገለበጠችው። ኡርሱላ ስትመለስ ዓሣዋ ቆዳው ተልጦ ተንሳፍፎ አገኘች። አልጮኸችም። የታቢታን በር በክርኗ ከፍታ ገባች፣ ገመዱ ላይ ከነበሩት አንሶላዎች ነጩን መረጠች፣ ሁለት እጇን እስከ ክንዷ ድረስ በደንብ ጠረገችበትና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ሰላም የሚባል ነገር ጠፋ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ በሯን ገርበብ አድርጋ ትሳደባለች። የታቢታ ባል መርከበኛ ነው። ሩቅ ባሕር ሄዶ ቆየ እንጂ ይመለሳል ብላ ታቢታ ለሰፈሩ ሁሉ ስለምትናገር፣ ባል የሌላትን ኡርሱላን የምትወጋው በዚሁ ነበር።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ታቢታ ስትተኩስ፣ ኡርሱላ ደግሞ ማረፊያው ላይ ተቀምጣ ዓሣ ስትፍቅ፣ ቅርፊቱ በበሩ ሥር ተፈናጥሮ ገባ።

«እንዳንቺ ያለችውን የሚያገባ ወንድ የለም ያልኩት ለዚህ ነው» አለች ታቢታ፣ ከካውያዋ ቀና ሳትል። «አጠገብሽ የሚተኛ ድመት ብቻ ነው።»

ኡርሱላ ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች።

«ድመትስ ይመለሳል እቴ» አለች ረጋ ብላ። «ያንቺ ሰውዬ ግን ባሕር አልበላውም። ከወንዙ ማዶ ነው ያለው። ከአንዲት ገመድ ፈታይ ጋር ቤት ይዞ ይኖራል። በየሳምንቱ ዓሣ የምሸጥለት እኔ ነኝ። ፊት ለፊትሽ እንደምኖር እያወቀ ስለ አንቺ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ይህን ብላ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋችው።

ታቢታ ሸሚዙ ከካውያው ሥር እየነደደ መሆኑን እንኳ አላየችም። ከዚያ ካውያውን እንዳለ አንሥታ ወደ በሯ ወጣችና ባላት ጉልበት ሁሉ ወደተዘጋው በር ወረወረችው። በዚያው ቅጽበት ኡርሱላ አንድ የቀራትን ቃል ልትጨምር በሩን ከፈተች። ብረቱ ጆሮ ግንዷን መታት።

ወይዘሮ ጎዳርድ ሮጣ ስትወጣ አንዷ ወድቃ፣ አንዷ ቆማ አገኘቻቸው። ሐኪም ተጠራ፤ የራስ ቅሏ ተሰንጥቋል፣ አትድንም አለ። ታቢታን የሰፈሩ ዘበኛ ወሰዳት።

በማግስቱ አንድ ዳኛ ኡርሱላ ሳትሞት ከአንደበቷ ቃል ለመቀበል ሲመጣ፣ ታቢታንም እጇን አስረው አልጋው ፊት አቆሟት። ኡርሱላ ራሷ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ ዓይኗ ተዘግቶ ነበር። ዳኛው የመታችሽ ይህች ናት ወይ ሲል ጠየቃት።

«የወረወረችው ወደ በሩ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እንደምከፍት አታውቅም።»

የዳኛው ጸሐፊ ጻፈ። ታቢታ የታሰረ እጇን አልጋው ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች ቀስ ብላ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች ኡርሱላ። «ውሸት ይዤ ልሞት አልፈልግም። ይቅር አላልኩሽም፣ አልልሽምም።»

«የነገርሽኝ... የባሌ ነገርስ እውነት ነው?»

ኡርሱላ በደህናው ዓይኗ አየቻት።

«ያንን አልነግርሽም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳምንቱ ሳይወጣ ሞተች።

ችሎቱ ቃሏን ሰማና ታቢታን ከስቅላት አዳናት። ሳታስብ የገደለች ነፍሰ ገዳይ ተብላ፣ በዘመኑ ሕግ ለቅጣት በአውራ ጣቷ ሥር በጋለ ብረት ምልክት ተደርጎባት ተለቀቀች። ወይዘሮ ጎዳርድ ዕቃዋን ደረጃው ሥር አስቀምጣላት ጠበቀቻት፣ ግቢ አላለቻትም።

ታቢታ ጥቅልሏን ይዛ በጀልባ ተሻገረች። ገመድ የሚፈተልበትን ሰፈር ጠይቃ ገባች፤ ለማግኘት ያን ያህል አልለፋችም። በሩን የከፈተላት ባሏ ራሱ ነበር። ወፍሯል፤ ጸጉሩ ሸሽቷል። ከኋላው ሴትዮዋ ድስት ስታማስል ትታያለች።

መጀመሪያ አላወቃትም። ሲያውቃት ደግሞ ምን ፈለግሽ አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውስጥ እንዳይሰማ።

እርሱን ብታገኘው የምትለውን መንገዱን ሁሉ ስትሰድር ነበር የመጣችው። ስድቡም፣ እርግማኑም ነበራት። አሁን ግን አንዱም አልመጣላትም።

«ዓሣ የምትሸጥልህ ሴት ከእንግዲህ አትመጣም» አለችው። «ሌላ ፈልግ።»

«ምን ሆነች?»

«እኔ ገደልኳት።»

ሰውዬው አየት አድርጓት፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጇን አየና በሩን ዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማችው። ታቢታ ግን አላንኳኳችም። እዚያው ሰፈር የሚከራይ ክፍል ጠየቀች። አከራዩ ባዶ ክፍሎቹን አሳይቶ ከማን ጋር ጎረቤት መሆን ትፈልጊያለሽ ሲላት፣ ከማንም ጋር አልፈልግም አለችው።