የማይቀመሰው ዱቄት

የሳይንስ መምህሯን ተማሪዎቿ በሌለችበት «አትቅመሱ» ይሏታል። ስኳርም ይሁን ጨው፣ የሙከራ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ አይቀመስም። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ካላለች ያስተማረች አይመስላትም።

ዛሬ ግን ጭንቅ ላይ ናት። ሱፐርቫይዘሩ የኋላ ወንበር ላይ ተጎልተው ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ ካማረ ቋሚ መምህርት ትሆናለች፤ ካላማረ ዕቃዋን ሰብስባ መሄድ ነው።

በየጠረጴዛው በሳህን የተቀላቀሉ ሦስት ነጭ ዱቄቶች አሉ፤ የተፈጨ ስኳር፣ ቤኪንግ ሶዳና ጎምዛዛው ሲትሪክ አሲድ። ደረቅ እንደሆኑ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ውሃ ጠብ ሲልባቸው ነው አረፋ በአረፋ የሚሆኑት።

መምህሯ የውሃውን ጆግ አነሳች። ባዶ ነው። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። በር ላይ የቆሙትን የጽዳት ሠራተኛ በዓይኗ ጠየቀቻቸው።

«እንግዳ ይመጣል ስትይኝ ወለሉን ወለወልኩበት» አሉ ሴትየዋ፣ ኮራ ብለው። «እንዴት እንዳበራ አየሽልኝ ልጄ?»

ወለሉ እውነትም ያበራል። መምህሯ ወደ ልጆቹ ኮዳ ዞረች። ልጆቹ ከስፖርት ስለመጡ ኮዳቸው ውስጥ ጠብታ የለም።

«እንግዲህ ልጆች፣ ምን ታያላችሁ?» አለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«ምንም» አሉ በአንድ ድምፅ። እውነቱን መናገር ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

ሱፐርቫይዘሩ እየጻፉ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ አለባቸው። «ለውጥ... አልታየም» አሉ። መምህሯ እንባዋ እንዳይታይባት ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ቲቸር፣ ጋሼ ቀመሱ» አለች የኋላ ወንበሯ ልጅ።

መምህሯ ዘወር አለች። ሰውዬው የሙከራው ማንኪያ በእጃቸው፣ አፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ ቁጭ ብለዋል። ከዚያ አረፋው በጢማቸው ሥር እንደ ወተት ገነፈለ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ የሚበላ ነው» አለች መምህሯ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወዲያው የመምህርነት ወኔዋ ተመለሰ። «ልጆች፣ አሁንስ ምን ታያላችሁ?»

«አረፋ!»

«ዱቄቱ ውሃውን ከየት አገኘ?»

ልጆቹ ተያዩ። «ከጋሼ ምራቅ» አለች ያችው ልጅ፣ ቀስ ብላ።

«ጎበዝ። ጻፉት።»

ሱፐርቫይዘሩ ጢማቸውን በመሐረብ ጠርገው ብዕራቸውን አነሱ። በዚህኛው ዙር ድምፅ አላሰሙም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እንድትፈርም ቅጹን ሰጧትና ዓይኗን ሳያዩ ወጡ።

የቀድሞው ተሰርዟል። «ለውጥ ታይቷል፤ ገምጋሚው በቅርበት አረጋግጠዋል። ቋሚ ትሁን» ይላል። መምህሯ ወደ ታች ማንበቧን ቀጠለች። «የደህንነት ሕግ ተከብሯል ወይ?» ከሚለው ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ «በተማሪዎቹ በኩል፣ አዎ።»